«ቤቶች!» ብሎ መልስ ያጣ እንግዳ፦ ተነቅሎ ስለተሰካ ማውስ የተደረገ ንግግር

የዛሬው ርእሴ አንድ የኮምፒውተር ማውስ መሆኑን ለአዘጋጆቹ ስነግራቸው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ትንሽ ሰፋ ያለ ነገር ቢሆንስ?» ብለውኝ ነበር፤ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ስለ መጪው ዘመን እንድናገር ፈልገው ይመስለኛል። ለእኔ ግን እስከ ዛሬ ስለ መጪው ዘመን ብሎ በሌሊት የደወለልኝ ሰው የለም። የሚደወልልኝ «ማውሱን ነቅዬ ብሰካው እምቢ አለኝ» ተብሎ ነው።

ስለዚህ የዛሬው ዓላማዬ አንድ ብቻ ነው፤ ደኅና ሲሠራ የነበረ ማውስ ተነቅሎ ተመልሶ ሲሰካ ለምን ዝም እንደሚል ከሥሩ ማስረዳት። መጀመሪያ ክብ መሰኪያ ስላለው የድሮው ማውስ፣ ቀጥሎ ዛሬ ሁላችንም ስለምንጠቀምበት ዩኤስቢ፣ በመጨረሻም ችግሩ ሲደርስ እንዴት እንደሚመረመር እናገራለሁ። ገመድ አልባውን በመካከል ነካ አድርጌው አልፋለሁ።

አንድ ታሪክ ላስቀድም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። ፍርድ ቤት አጠገብ ከተደረደሩት ጠባብ ጽሕፈት ቤቶች በአንዷ የምትሠራ ወጣት ደንበኛ ነበረችኝ፤ ማመልከቻ፣ የክስ መልስ፣ ውል ትጽፋለች። አንድ ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደወለች። ወረፋ የሚጠብቅ ባለጉዳይ እግሩን ሲዘረጋ የማውሱን ገመድ ጠልፎ ከኮምፒውተሩ ጀርባ መንጭቆ አውጥቶታል። መልሳ ሰክታዋለች። ቀስቷ ግን ስክሪኑ መሐል እንደቆመች ቀርታለች። ከፊቷ 14 ገጽ የይግባኝ ቅሬታ ተከፍቷል፤ ሴቭ አልተደረገም። የይግባኙ ባለቤት አጠገቧ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ መዝገብ ቤቱ ለምሳ ሊዘጋ ነው።

«ጋሼ፣ ማውሱ ሞተብኝ፤ ልንቀለው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ኮምፒውተሩን ነዋ፣ ከሶኬቱ!»

«እጅሽን አንሺ!» አልኳት። እጇን እንዳነሳች ትቆየን፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

ማውስ ከተወለደ ስድሳ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1964 ካሊፎርኒያ ውስጥ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ዳግላስ ኤንግልባርት ሐሳቡን አመነጨ፤ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ ሠራው። ከእንጨት የተጠረበች ትንሽ ሳጥን ነበረች፤ ከሥሯ ሁለት ጎማ፣ ከላይዋ አንድ ቁልፍ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. ኤንግልባርት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሕዝብ ፊት አሠርቶ አሳያት። ገመዷ ጅራት ስለሚመስል አይጥ ተባለች፤ ስሙን መጀመሪያ ያወጣው ማን እንደሆነ ኤንግልባርት ራሱ አላስታወሰም። በእኛም አገር አንዳንድ ሰው «አይጥ» ለማለት ሞክሯል፤ ቃሉ ግን ብዙ አልያዘለትም። ቢሮ ውስጥ «አይጤ የት ገባች?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሌላ ባለሙያ ያስጠራል።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። በአገራችን እንግዳ ሰው ቤት ደርሶ ዘው ብሎ አይገባም። ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥ «ማነው?» ይባላል። ማንነቱን ይናገራል፣ «ይግቡ» ይባላል፣ መቀመጫ ይሰጠዋል፤ ጨዋታ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ማውስ ሲሰካ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይለይም። እኛ «ሰካሁት» ስንል እንግዳውን ደጅ አደረስነው ማለታችን ነው፤ መግባቱን ገና አላወቅንም። በዚህ ላይ ደግሞ እንግዳው አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ ከደጅ በወጣ ቁጥር፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በተቋረጠበት ቁጥር፣ ያለፈውን ሁሉ ይረሳል። የት እንደተቀመጠ፣ ምን ተብሎ እንደተጠራ፣ በምን ቋንቋ ሲነጋገር እንደነበር አያስታውስም። ባለቤቱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ፣ አይረሳም፤ አንዳንዴም እንግዳው መውጣቱን እንኳ አላየም። የሚረሳና የማይረሳ በር ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ነው የምነግራችሁ።

ከክቡ መሰኪያ ልጀምር። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ፒኤስ ቱ የተባሉትን ኮምፒውተሮች ሲያወጣ ስድስት ቀጫጭን እግር ያለው ትንሽ ክብ መሰኪያ ይዞ መጣ። ስሙም ከኮምፒውተሩ ስም ተወረሰ። በኋላ ቀለም ተሰጠው፤ አረንጓዴው ለማውስ፣ ወይን ጠጁ ለኪቦርድ። በየትምህርት ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ያሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች ጀርባ ላይ ዛሬም ታገኙታላችሁ። ይህ መሰኪያ ኮምፒውተሩ በርቶ እያለ እንዲነቀልና እንዲሰካ ታስቦ የተሠራ አልነበረም። የሠሩት ሰዎች ሐሳብ ማውሱ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ተሰክቶ ይገኛል፣ እስኪጠፋም እንደተሰካ ይቆያል የሚል ነበር። በአንዳንድ የቆዩ የኮምፒውተር ቦርዶች ላይ በርቶ ሳለ መንቀልና መሰካት ለዚህ መሰኪያ ኤሌክትሪክ የምታሳልፈውን ትንሽ ፊውዝ ያቃጥላታል፤ ያን ጊዜ ሪስታርትም አያድነውም።

ፊውዙ ደኅና ነው እንበል። ማውሱ ኤሌክትሪክ ባገኘ ቅጽበት ራሱን ይፈትሻል። ፈተናውን ሲያልፍ ሁለት ቁጥሮች ይልካል፤ የመጀመሪያው «ደኅና ነኝ»፣ ሁለተኛው «ማውስ ነኝ» ማለት ነው። «ቤቶች!» አለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዝም ይላል። ብትገፉት፣ ብትጎትቱት፣ ብትጫኑት አንዲት ቃል አይወጣውም። የተሠራው እንዲያ ነው፤ ኮምፒውተሩ «በል፣ እንቅስቃሴህን ንገረኝ» የሚል ትእዛዝ እስኪልክለት ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ይህን ትእዛዝ ጠዋት ሲነሣ አንድ ጊዜ ልኮታል። እንግዳው ወጥቶ መመለሱን ካላወቀ ደግሞ ለምን ይልካል? እርሱ እንደሚያውቀው ማውሱ ከጠዋቱ ጀምሮ እዚያው ተቀምጧል፤ ትንሽ ዝም ብሏል እንጂ። ማውሱ ትእዛዝ ይጠብቃል፣ ኮምፒውተሩ ወሬ ይጠብቃል። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ሰውየው ግን መሐላቸው ቁጭ ብሎ ማውሱን ጠረጴዛው ላይ ይደበድባል።

አንዳንድ ፕሮግራም ይህችን «ደኅና ነኝ» የምትል ድምፅ በመሐል ሲሰማ «አሃ፣ ወጥቶ ነበር» ብሎ እንደ አዲስ ያስተናግደዋል። አንዳንዱ አይሰማትም። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ የሠራው ማውስ ሌላው ላይ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው፤ ሰዎች ግን «ይኼ ማውስ ሰው ይመርጣል» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ከዝምታ የባሰም አለ። መሐሉ ላይ የምትሽከረከር ጎማ ያለችው ማውስ እ.ኤ.አ. በ1996 ከማይክሮሶፍት ስትመጣ አንድ ችግር ተፈጠረ። የድሮው ማውስ እንቅስቃሴውን በሦስት በሦስት ቁጥር ነበር የሚናገረው፤ ለጎማዋ አራተኛ ቁጥር አስፈለገ። ሦስት ብቻ የሚያውቁት አሮጌ ኮምፒውተሮች እንዳይደናገሩ የተፈለገው ዘዴ የምሥጢር ማንኳኳት ይመስላል። ኮምፒውተሩ ማውሱን «በሰከንድ 200 ጊዜ ንገረኝ፣ አይ 100 ጊዜ፣ አይ 80 ጊዜ» ብሎ በተከታታይ ያዝዘዋል። ይህን ልዩ ቅደም ተከተል የሚያውቅ ማውስ «ገባኝ» ብሎ በአራት በአራት መናገር ይጀምራል፤ የማያውቀው በሦስቱ ይቀጥላል። አሁን ማውሱ ተነቅሎ ተሰካ እንበል። ምሥጢሩን ረስቷል፤ በሦስት ይናገራል። ኮምፒውተሩ ግን በአራት ይቆጥራል። የሚቀጥለውን ቃል የመጀመሪያ ፊደል ካለፈው ቃል መጨረሻ ጋር እየደረበ ያነባል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቀስቷ ታብዳለች። ጥግ ለጥግ ትዘላለች፣ ያልነካችሁትን ትከፍታለች፣ የመረጣችሁትን ታጠፋለች። በአንድ ማውስና በአንድ ኪቦርድ ሁለት ኮምፒውተር በሚያሠራ መቀያየሪያ ሳጥን የሚሠሩ ሰዎች ይህን ጉድ ያውቁታል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያበደ ኮምፒውተር ሳይ አብሮኝ የነበረ ሰው «ቫይረስ ነው» ብሎ ምሎ ተገዝቷል። ቆጠራ ነበር የተበላሸው።

ይህ ነው የመጀመሪያው ክፍል። ወደ ጠፍጣፋው መሰኪያ፣ ወደ ዩኤስቢ ልሻገር። እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ዋና ከሆኑት ሐሳቦቹ አንዱ ኮምፒውተሩን ሳያጠፉ መንቀልና መሰካት እንዲቻል ነበር። ቃሉን ለመጠበቅ ጊዜ ወሰደበት። ሚያዝያ 20 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ በተደረገ ትልቅ ትርኢት ላይ ቢል ጌትስ ቆሞ እያየ ረዳቱ በዊንዶውስ 98 ላይ አንድ ስካነር ሲሰካ ኮምፒውተሩ በሰማያዊ ስክሪን ቀጥ አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ማውስ ሰክቼ አልሠራ ባለኝ ቁጥር ይህን እያስታወስኩ እጽናናለሁ።

እስኪ ማውስ የያዘ ካለ የመሰኪያውን አፍ ተመልከቱልኝ። አራት ወርቅማ ጥርሶች አሉ። ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ከመሐለኞቹ ረዘም ይላሉ። በዳርና በዳሩ ኤሌክትሪኩ ይሄዳል፣ 5 ቮልት፤ በመሐለኞቹ ንግግሩ ይሄዳል። የዳሮቹ ጥርሶች የረዘሙት ሲሰካ ኤሌክትሪኩ ቀድሞ እንዲደርስ፣ ሲነቀል ደግሞ ኋላ እንዲለቅ ነው። ይህች የሚሊሜትር ልዩነት ለምርመራችን ትልቅ ነገር ትነግረናለች። መሰኪያው ግማሽ መንገድ ብቻ ገብቶ ቢቆም ኤሌክትሪክ ይደርሳል፣ ንግግር አይደርስም። የብዙ ማውሶች ቀይ መብራት ይበራል፤ ቀስቷ ግን አትንቀሳቀስም። ገመዱ ውስጥ ካሉት አራት ሽቦዎች ከንግግሩ አንዱ ሲበጠስም ያው ነው። «መብራቱ በርቷል፣ ስለዚህ ማውሱ ደኅና ነው» የሚለውን አነጋገር ዛሬ እዚህ አዳራሽ ትተነው ብንሄድ ደስ ይለኛል። መብራቱ ኤሌክትሪክ መድረሱን እንጂ ሌላ አይመሰክርም። ሳሎን ውስጥ አምፖል መብራቱ ባለቤቱ ቤት አለ ማለት እንዳልሆነ ሁሉ።

መሰኪያው እስከ መጨረሻው ሲገባ ማውሱ ከንግግሩ ሽቦዎች አንዱን በትንሽ ሬዚስተር አማካይነት ወደ ላይ ይስበዋል። «ቤቶች!» ማለት እንግዲህ ይህ ነው። የትኛውን ሽቦ እንደሳበ አይቶም ኮምፒውተሩ እንግዳው ዘገምተኛ ይሁን ፈጣን ያውቃል። ከዚያ ያራግፈዋል፤ ያለፈውን ሁሉ አስረስቶ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። አዲስ የገባ ዕቃ ሁሉ ለጊዜው ስሙ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ አንድ በአንድ እንጂ ሁለት ዜሮዎች አብረው አይስተናገዱም። ኮምፒውተሩ ከ1 እስከ 127 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይሰጠዋል፣ «ማነህ? ማን ሠራህ? ምን ትሠራለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፣ በመልሱም ዕቃውን የሚያሠራውን ተስማሚ ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ይመድብለታል። ይህ ሁሉ እናንተ እጃችሁን ከመሰኪያው ወደ ጠረጴዛው እስክትመልሱ ያልቃል። ካላለቀ ነው «የተሰካው ዕቃ አልታወቀም» የሚለው ማስጠንቀቂያ የሚመጣው። ዊንዶውስ አንዳንዴም ኮድ 43 ይላል፤ ዕቃው ችግር አለብኝ ስላለ አስቁሜዋለሁ ማለቱ ነው።

ከተዋወቁም በኋላ የዩኤስቢ ማውስ ሳይጠየቅ አይናገርም። ኮምፒውተሩ እየደጋገመ፣ በተለመደው ማውስ በሰከንድ 125 ጊዜ ያህል፣ «አዲስ ነገር አለ?» ይለዋል። መጠየቁን ካቆመ ማውሱ ዝም ነው። በተለይ ላፕቶፕ ላይ ኮምፒውተሩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ መሰኪያውን ያስተኛዋል፤ አንዳንዴ ከእንቅልፉ አይነቃም። ይህን የመቆጠብ ፈቃድ በማውሱ ወይም በዩኤስቢው መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ መንሳት ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን፣ እኔም ዘግይቼ የተማርኩትን ነገር ልንገራችሁ። ፍላሽ ዲስክ ብዙ ጊዜ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ማውስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ሁለት አንድ ዓይነት ማውሶች ለኮምፒውተሩ መንትዮች ናቸው። ስለዚህ ዊንዶውስ የሚመዘግበው እንግዳውን ከገባበት በር ጋር አድርጎ ነው፤ «በዚህ በር የሚገባው ማውስ» ብሎ። ያንኑ ማውስ ነቅላችሁ ከአጠገቡ ባለው ቀዳዳ ብትሰኩት አዲስ እንግዳ እንደመጣ አድርጎ ሌላ መዝገብ ይከፍትለታል። «ሌላ ቀዳዳ ላይ ሞክረው» የሚለው የሠፈር ጠጋኝ ምክር ብዙ ጊዜ የሚሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቀዳዳው ደኅና ሆኖ የዚያ በር መዝገብ ብቻ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። መዝገቡን ማጥፋት ደግሞ ቀላል ነው፤ ዲቫይስ ማናጀር በተባለው የዊንዶውስ የዕቃ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ማውሱን ከዝርዝሩ መሰረዝ፣ ከዚያም ኮምፒውተሩ አዲስ ዕቃ እንዲፈልግ ማዘዝ። ዕቃ የጣላችሁ ይመስል እጅ ያንቀጠቅጣል፤ የተሰረዘው ግን ትውውቁ ብቻ ነው፣ እንደገና ይተዋወቃሉ።

ገመድ አልባውን ባጭሩ። ትንሽ መቀበያ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካላቸው ማውሶች ከመቀበያቸው ጋር ፋብሪካ ላይ ተጋብተው ይመጣሉ፤ የጎረቤትን መቀበያ ተውሶ መሰካት ብዙ ጊዜ ትርፍ የለውም። መቀበያዋ የምትሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው ፈጣኑ ዩኤስቢ 3 በዚሁ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ ያሰማል። ስለዚህ መቀበያዋን ነቅላችሁ ስትመልሱ ከውጭ ሃርድ ዲስክ አጠገብ ካስገባችኋት ቀስቷ እየተንቀረፈፈች ልትሄድ ትችላለች፤ በአጭር ማራዘሚያ ገመድ ራቅ ማድረግ ይበቃል። በብሉቱዝ የሚሠራው ደግሞ ታሪኩን ይገለብጠዋል። እዚያ ማውሱም አይረሳም፤ ሁለቱም አንድ የምሥጢር ቁልፍ ይዘዋል። አንዱ ቁልፉን ጥሎ ሌላው ይዞት ሲቀር እየተያዩ አይግባቡም። ከኮምፒውተሩ ዝርዝር አጥፍቶ፣ ማውሱንም ወደ ማጋቢያው ሁኔታ መልሶ፣ ከዜሮ ማጋባት ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ክፍል፣ ወደ ምርመራው። ይህንን ነገር ረጋ ብዬ ልናገረው እፈልጋለሁ፤ የብዙ ሰው ጥፋት ከዕውቀት ማነስ ይልቅ ከጥድፊያ የሚመጣ ነውና። ማውሱ ዝም ሲል ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይነቅላል፣ ይሰካል፣ ቀዳዳ ይቀይራል፣ ኪቦርዱን ጭምር ይነቅላል፣ ኮምፒውተሩን ያጠፋል። ከዚያ ቢሠራ እንኳ በየትኛው እንደተሠራ አያውቅም፤ በማግሥቱ ሲደገም ያንኑ ሁሉ ግርግር ይደግመዋል። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ አሥር ሰከንድ ጠብቁ፤ እዩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሥራውን ማዳን ይቀድማል። ማውስ ሞተ ማለት ኮምፒውተሩ ሞተ ማለት አይደለም። ኪቦርዱ ላይ ያለችውን የካፒታል ፊደል መብራት በቁልፏ አብርታችሁ አጥፉ፤ ከታዘዘች ኮምፒውተሩ ነቅቷል። ኮንትሮልና ኤስ ሴቭ ያደርጋል። ኮንትሮልና ፒ ያትማል። አልትና ኤፍ 4 ይዘጋል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከኤክስ ጋር ተጭናችሁ በሚመጣው ዝርዝር ላይ ኤም ብትሉ ዲቫይስ ማናጀር ይከፈታል፤ ውስጡ በቀስት ቁልፎች ይኬዳል። የቁጥር ሰሌዳ ያለው ኪቦርድ ካላችሁ ደግሞ ግራውን አልት፣ ግራውን ሺፍትና ነም ሎክን አንድ ላይ ተጫኑና በኢንተር አጽድቁ፤ ቁጥሮቹ ራሳቸው ቀስቷን መግፋት ይጀምራሉ። ቀርፋፋ ነው፤ ሰው ሲቸግረው ግን ይመሰገናል።

ቀጥሎ በዓይን ማየት። እጅ ከኮምፒውተሩ ጀርባ በዳበሳ ሲሄድ ከሚሠራቸው ስሕተቶች አንዱ የዩኤስቢውን መሰኪያ የኔትወርክ ገመድ ቀዳዳ ውስጥ መክተት ነው። አትሳቁ፤ ስፋታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ጥርቅም ብሎ ይገባል። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ሩብ ሰዓት ያህልም ድራይቨር ስፈልግ ነበር። ክቡ መሰኪያ ሲሆን ደግሞ እግሮቹን እዩ፤ በኃይል የተሰካ እንደሆነ አንዱ ተጣምሞ ይገኛል። ከዚያ ማውሱ የተቀመጠበትን እዩ። ጠረጴዛ ሊወለወል ማውስ ሲነቀል ከሥሩ ያለው ምንጣፍም አብሮ ይነሣል፤ ሲመለስ ማውሱ የጠረጴዛው መስታወት ላይ ያርፋል። መብራት ያለው ማውስ ከሥሩ ያለውን ገጽ በሰከንድ ከአንድ ሺህ በላይ ፎቶ እያነሣ ልዩነቱን የሚያነብ ትንሽ ካሜራ ነው፤ ጥርት ያለ መስታወት ላይ የሚያነበው ምልክት ያጣል። ወረቀት አንጥፋችሁ ሞክሩ። ጥፋቱ የመሰካት ሳይሆን የምንጣፍ ሆኖ ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው።

ይህ ካልሆነ ማቀያየር። ይህን ማውስ ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ሌላ ማውስ እዚህ ኮምፒውተር ላይ። በሽታው ማንን ተከትሎ እንደሄደ ታዩታላችሁ። ከማውሱ ጋር ከሄደ ገመዱ ከማውሱ ውስጥ የሚወጣበትን ቦታ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አጥፉት፤ አብዛኛው ሽቦ የሚበጠሰው እዚያች አንገት ላይ ነው፣ ስታጥፉት እየመጣ እየሄደ ያሳብቃል። በሽታው ከኮምፒውተሩ ጋር ከቀረ ቀዳዳ ቀይሩ። ዴስክቶፕ ከሆነ የጀርባውን ቀዳዳ ምረጡ፤ የፊቶቹ በውስጥ ገመድ ተያይዘው የሚመጡ ስለሆኑ ይላላሉ። የዩኤስቢ ቀዳዳ ማባዣ በመካከል ካለ አውጡት። ከዚያ የነገርኳችሁን መዝገብ ሰርዙ።

በመጨረሻም ሪስታርት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነጥብ አለች። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ፣ ፈጣን አነሣስ የተባለው ቅንብር በርቶ ካለ «ሻት ዳውን» ብላችሁ ስታጠፉት ኮምፒውተሩ ሁሉን አይረሳም። የሥርዓቱን ልብ፣ ድራይቨሮቹን ጭምር፣ ዲስክ ላይ ጽፎ ይተኛል፤ ሲበራ የጻፈውን አንብቦ ካቆመበት ይቀጥላል። የተደናገረ ድራይቨር እንደተደናገረ ተኝቶ እንደተደናገረ ይነሣል። «ሪስታርት» ስትሉት ግን ያን ሁሉ ትቶ ከባዶ ይጀምራል። «አጥፍቼ አብርቼዋለሁ፣ አሁንም እምቢ አለ» የሚለኝን ሰው «ሪስታርት አድርገኸዋል?» ብዬ ስጠይቀው እንደ መሳለቅ ይቆጥርብኛል። አልተሳለቅኩበትም። ሁለቱ ሥራቸው ይለያያል። ሺፍትን ይዛችሁ ሻት ዳውን ብትሉት ግን በእርግጥ ይጠፋል።

ከሶኬት መንቀልን በዝርዝሬ አላነሣሁም። የምታስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ሁሉም ነገር ተሞክሮ፣ ሥራው ተቀምጦ፣ ኮምፒውተሩ በሥርዓት ጠፍቶ፣ ከዚያ ገመዱ ተነቅሎ የመነሻ ቁልፉ ለጥቂት ሰከንዶች ሲጫን ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ ተዘግቶ የቀረ የዩኤስቢ ቀዳዳ አንዳንዴ በዚህ ይከፈታል። በበራ ኮምፒውተር ላይ ግን አይሆንም። መብራት ሲሄድብን በግድ የምንቀምሰውን በገዛ እጃችን ለምን እናመጣዋለን?

ያቺ ልጅ እጇን እንዳነሣች ነው የተውናት። ማውሷ አረንጓዴው ክብ መሰኪያ ያለው ነበር። በስልክ «የካፒታል ፊደሏ መብራት ትታዘዛለች?» አልኳት። «ትታዘዛለች።» «ኮንትሮልና ኤስ በይ።» «ስም ጠየቀኝ።» «ስጪውና ኢንተር በይ።» ከጀርባዋ ባለጉዳዩ «ምን አለ? ምን አለ?» ሲል ይሰማኛል። ኮንትሮልና ፒ፣ ኢንተር። የአታሚው ድምፅ በስልኩ መጣ፤ አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ እያልኩ አብሬ ቆጠርኩ። 14ኛው ሲወጣ ሰውየው ወረቀቱን ሰብስቦ ሮጠ፤ ሒሳቡን ሳይከፍል መሄዱን ያስተዋልነው በኋላ ነው፣ ከሰዓት ተመልሶ ከፍሏል። ከዚያ የዊንዶውሱን ቁልፍ ተጭና በቀስቶቹ እየሄደች ሪስታርት አደረገችው። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ማውሱን እንደ አዲስ ተቀበለው፤ ቀስቷም ሄደች።

በሳምንቱ ላያት ስሄድ የማውሱ ገመድ ከጠረጴዛው እግር ጋር በቁስል ፕላስተር ተጠምጥሞ አገኘሁት፤ የባለጉዳዮቹ ወንበርም አንድ ክንድ ያህል ወደ በሩ ተስቧል። እነሆ ጠረጴዛው ላይ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮችና አንድ ካርቶን ሙሉ ማውስ አምጥቻለሁ፤ ከመካከላቸው የትኞቹ ደኅና እንደሆኑ አልነግራችሁም። መሞከር የምትፈልጉ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ጥያቄም ያላችሁ እዚያው እየሞከርን እንነጋገራለን።